የመብራት ሰዓት የማያውቀው ፕሮግራም

የሕንፃ የውሃና የመብራት መስመር በኮምፒውተር የምትነድፈው ካሶንዴ ስትሠራ እጆቿ አይጣደፉም። በግራዋ ኪቦርዱን፣ በቀኟ ማውሱን ይዛ መጀመሪያ የጉድጓዱን ፓምፕ ታስቀምጣለች። ከሱ ቱቦ ትስብና በግድግዳው ጥግ አውጥታ ጣሪያ ላይ ካለው ታንከር ጋር ታገናኘዋለች። ቀጥሎ የፓምፑን ገመድ ከማከፋፈያ ሳጥኑ ታመጣለች። በመጨረሻ «ፈትሽ» የሚለውን ትነካለች። ፕሮግራሙ ቱቦውንም ገመዱንም አስልቶ ስህተት ካጣ ሁሉንም አረንጓዴ ያደርገዋል።

በከተማዋ በንዶላ ለሚሠራው የወሊድ ክሊኒክ ያወጣችውን ንድፍም አረንጓዴ አድርጎላት ነበር። ዓርብ ልታስረክብ፣ ረቡዕ ወረቀቱን ይዛ ሳይት ወረደች። ሽማግሌው የቧንቧ ሠራተኛ፣ የምዊላ አባት፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አዩት።

«የቾላ እናት፣» አሏት በልጇ ስም ጠርተው፣ «ይቺ ፓምፕ በሰዓት ስንት ሊትር ትስባለች?»

«አምስት መቶ። ክሊኒኩ በቀን አሥራ ሁለት ሺህ ይፈልጋል፤ ለሃያ አራት ሰዓት ሲያካፍሉት ልክ ይመጣል።»

«ሃያ አራት ሰዓት!» ሳቃቸው አመለጣቸው። «ይሄን ሁሉ መብራት ከየት አገኘሽው? ለኛም ሰፈር ላኪልን እንጂ!»

«ፕሮግራሙ ነው ያለው።»

«እሱ ምን ቸገረው፣ ገላውን አይታጠብ! አንቺ ዛሬ በርሜልሽን የሞላሽው ስንት ሰዓት ላይ ነው?»

«አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ መብራት እንደመጣ» አለች ካሶንዴ። በሰፈሯ መስመር መብራት የሚመጣው ከንጋቱ አሥራ አንድ እስከ ጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው፤ ክሊኒኩም እዚያው መስመር ላይ ነው። የክሊኒኩ ጄኔሬተር ማዋለጃ ክፍሉን እንጂ ፓምፑን አይችልም። በአራት ሰዓት ሁለት ሺህ ሊትር ብቻ ይገባል። ከሰዓት በኋላ አዋላጇ እጇን የምትታጠብበት የላትም ማለት ነው። በየማለዳው ከመብራት ጋር እየተሽቀዳደመች በርሜል የምትሞላ ሴት፣ ስክሪን ፊት ስትቀመጥ ረሳችው።

ሐሙስን ሙሉ በካልኩሌተር ሠራች። ፓምፑ በሰዓት ሦስት ሺህ ሊትር እንዲስብ አደረገች፤ ጉድጓዱ ያን ያህል እንደሚሰጥ ቀድሞ ተፈትኗል። ፓምፑ ሲያድግ ገመዱም ወፈረ፣ ብሬከሩም ተቀየረ። መብራት ለሌለበት ሃያ ሰዓት የሚበቃ አሥር ሺህ ሊትር የሚይዘው አዲሱ ታንከር ደግሞ ለጣሪያው ስለሚከብድ ለብቻው የብረት ማማ ነደፈችለት። ዓርብ በሰዓቱ አስረከበች። ክሊኒኩ ሥራ ከጀመረ ዓመት አለፈው፤ አንድም ቀን ውሃ አጥቶ አያውቅም።

ያኔ ንድፉን እንዳስረከበች ለፕሮግራሙ ሠሪዎች ጻፈች፦ መብራት ያለባቸውን ሰዓታት የምንሞላበት ቦታ ይኑር፤ ፓምፑንም ታንከሩንም ገመዱንም በዚያ ያስላ።

«የሚሉት ብልሽት ሲያጋጥም ነው?» ብለው መለሱላት።

«ብልሽት አይደለም፣ ኑሯችን ነው» አለችና የሰፈሩን የመብራት ተራ ላከችላቸው። አልናቋትም። በአምስተኛው ወር የጠየቀችው ቦታ ፕሮግራሙ ውስጥ ገባ። አዲሱን ገጽ አትማ ለምዊላ አባት ወሰደችላቸው።

«ሐሳቡ የእርስዎ ነው ብዬ ስምዎን ጽፌላቸዋለሁ።»

«የኔን? ስልኬን እንኳ የምትከፍትልኝ ሚስቴ ናት እኮ!»

ካሶንዴ ግን ምስጋናዋ እስከ ዛሬ አላለቀም፤ ባገኘቻቸው ቁጥር «እግዜር ይስጥልኝ» ትላቸዋለች። ለእነዚያ ፊታቸውን አይታ ለማታውቃቸው ሠሪዎችም እንደዚያው።

አሁን ሌላ ጉድለት አግኝታለች። ፕሮግራሙ የሚቀበለው አንድ ተራ ብቻ ነው፤ ተራው ግን በየሳምንቱ ይቀያየራል። ስለዚህ ይህን የምታነቡ የሙያው ሰዎች አንድ ነገር ትለምናችኋለች፦ «እኔ የማውቀው የንዶላን ብቻ ነው። በናንተ ከተማ መብራትና ውሃ በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት እንደሚመጡ እናንተም ጻፉላቸው።»