ምን እንደምፈልግ ሳላውቅ የገዛሁት ማሽን

እሁድ እሁድ ብረት መፈለጊያ ማሽኔን ትከሻዬ ላይ አጋድሜ ስወጣ፣ የወልድያ ጎረቤቶቼ «ዛሬ ደግሞ የማንን ማረሻ ልታወጣ ነው?» እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ። ሌላው ካርታ ይጫወታል፣ እኔ ሰው የጠፋበትን ቁልፍና ዶማ እፈልጋለሁ። ማሽን ሊገዛ የሚያማክረኝ ጀማሪ ሲመጣ ግን አንድ ነገር ብቻ እጠይቀዋለሁ፤ «ምንድን ነው የምትፈልገው?» እኔ ይህን ጥያቄ ሳልመልስ ገዝቼ ጉድ ሆኛለሁ።

ነገሩ የተጀመረው በእናቴ ነው። እናቴ የምትኖረው ከመርሳ ትንሽ ወጣ ብሎ፣ ሀብሩ ውስጥ ነው። በጦርነቱ ጊዜ ሰው ሁሉ ቤቱን ጥሎ ሲሸሽ እሷም «ዕቃዬን» ጓሮ ቀብራ ወጣች። ስትመለስ ቤቱ ተዘርፎ ጠበቃት፤ ፍራሹ የለም፣ በርሜሉ የለም፣ በመጀመሪያ ደሞዜ የገዛሁላት ቴሌቪዥን የለም። የቀበረችው ዕቃ ደግሞ የት እንደሆነ ጠፋባት። እኔ በየበዓሉ እየሄድኩ ጓሮውን ብቆፍረውም አንድም ነገር አልወጣም። አዲስ ቴሌቪዥን ልግዛልሽ ስላት «ዕቃዬ ሳይገኝ ሌላ ዕቃ ቤቴ አይገባም» ትላለች። ቴሌቪዥኑ የነበረበት ጠረጴዛ ዳንቴሉን እንደለበሰ ባዶውን ቆሟል።

የቀበረችው ምን እንደሆነ ግን ከተናገርኩ ሞቼ እገኛለሁ አለች። «ስሙን ከጠራሁት ሰው ይሰማና ይቀድመናል» ነው መልሷ። እኔም በልቤ ወሰንኩ። የአያቴ የብር ድሪ ነው፣ ምናልባትም የወርቅ ጉትቻ አለበት። ነገር ሳይገባኝ ገብቶኛል ማለት የቆየ በሽታዬ ነው።

ወልድያ ውስጥ ስልክ የሚጠግን አንድ ሰው ሁለት ማሽን እንዳለው ሰምቼ ሄድኩ። ቀዩ ብረት የተባለ ሁሉ ሲያገኝ ይጮኻል። ጥቁሩ ስክሪን አለው፤ ተራ ብረትን ዝለል ብለው ካዘዙት ሚስማሩን አልፎ እንደ ወርቅ፣ ብር፣ መዳብና አሉሚኒየም ላሉት ብቻ ይጮኻል። ባለሱቁ ሊያሳየኝ ወለሉ ላይ ሚስማርና ቆርኪ አስቀመጠ። የጋብቻ ቀለበቱን ሊጨምር ሲል አልወልቅ አለው፤ ቢስበው፣ በሳሙና ቢያሸው እምቢ አለ። በመጨረሻ ተንበርክኮ እጁን ከነቀለበቱ ወለሉ ላይ ዘረጋው። ጥቁሩ ማሽን ሚስማሩን በዝምታ አልፎ እጁ ላይ ሲደርስ ጮኸ።

«ግን ምንድን ነው የሚፈልጉት?» አለኝ፣ እንደተንበረከከ።

እናቴ ጋ ደወልኩ። «እማዬ፣ ዕቃው ወርቅ ነው ብር?»

«አንተ ልጅ፣ በስልክ እንዲህ ያለ ይወራል?»

«መጠኑስ?»

«በእጅ ይያዛል» አለች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ለእኔ ኸወርቅ ይበልጣል» ብላ ዘጋችው።

ባለሱቁ «ምን እንደሆነ ካላወቁ ቀዩ ይሻላል፤ ለጀማሪም ቀዩን ነው የምመክረው» አለኝ። እኔ ደግሞ ጀማሪ ሲሉኝ ደሜ ይፈላል፣ በተለይ እውነት ሲሆን። ጥቁሩን ገዛሁ።

የመርሳ ሚኒባስ ውስጥ ማሽኑን በማዳበሪያ ጠቅልዬ ገባሁ። አንዲት ሴትዮ «ወንድሜ፣ እግርህን ምን ነካው?» ብላ ወንበሯን ለቀቀችልኝ፤ ክራንች መስሏታል። እውነቱን ብናገር ወሬው ቀድሞኝ መርሳ ስለሚደርስ እያነከስኩ ሄጄ ተቀመጥኩ፤ ስወርድም እያነከስኩ ወረድኩ።

ከእናቴ ጋር ጓሮ ስንደርስ ጎረቤታችን ሼሁ ከዘራቸውን ይዘው ደረሱ። ማንም አልጠራቸውም፤ እሳቸው ግን የሰፈሩን ጉዳይ ሁሉ ቆመው ካላስፈጸሙ እንቅልፍ አይወስዳቸውም። ለማሽኑ ዱዓ አደረጉለት፣ እኛም አሚን አልን።

«ኸማንጎው ሥር ተነስቼ ሰባት እርምጃ ነው» አለች እናቴ፣ ሰባቴ ተራምዳ ቆማ። ፈለግኩ፤ ማሽኑ ጭጭ።

«አንቺ ሴት፣» አሉ ሼሁ፣ «ያኔ እየሮጥሽ አልነበረም? የሩጫ እርምጃና የቀብር አጀብ እርምጃ አንድ ነው? ወላሂ፣ ሩጫውን ነው መሮጥ ያለብሽ!»

እናቴ ትንሽ አሰበች። «እውነታቸውን ነው። ዶሮም በብብቴ ነበረች» አለችና ዶሮ ይዛ መጣች። ስድሳ ዓመት ያለፋት እናቴ ቀሚሷን በአንድ እጇ ሰብስባ፣ የምትጮህ ዶሮ ታቅፋ ከማንጎው ሥር ተፈተለከች። ሰባት እርምጃዋ የውሃው ቦይ ላይ ጣላት። ሁለተኛ ስትሮጥ አጥሩ ጋ ደረሰች። ሼሁ «ያኔ ዶሮዋ ወፍራም ነበረች፣ ቀንሺ!» እያሉ ይቆጣሉ። እኔ በሳቅ ማሽኑን መያዝ አቃተኝ።

ሮጣ የቆመችበትን ሁሉ ስፈትሽ ዋልኩ። ያገኘሁት አንድ የአሉሚኒየም ድስት ክዳንና ሁለት ቀለሃ ነው። ቀለሃዎቹን እናቴ ከአጥሩ ወዲያ ወረወረቻቸው። የቀረው መሬት ጸጥ ያለ ነው።

«ይሄ ማሽን ጾመኛ ነው እንዴ? ምንም አይቀምስም» አሉ ሼሁ።

«ቆርኪና ሚስማር እንዳይቆጥር አድርጌው ነው» አልኩ ደረቴን ነፍቼ። «ተራ ነገር አይነካም።»

በማግስቱ ጠዋት እናቴ ትዕግሥቷ አለቀ። ዶማዋን አምጥታ ማሽኑ እግር ሥር ወረወረችው። ማሽኑ ዶማውን አልፎት ሄደ።

«ይሄን የሚያህል ብረት አይታየውም?»

«እማዬ፣ ለወርቅ ስለሆነ...»

«የምን ወርቅ? ማን ወርቅ ቀበረ አለህ?»

ሼሁ ከዘራቸው ላይ ተደግፈው ወደ ሰማይ አዩ፣ ላለመሳቅ። ጆሮዬ እስኪግል አፈርኩ። ማሽኑን ሁሉንም እንዲሰማ አድርጌ ስከፍተው ጓሮው አበደ። ሚስማር ነው፣ ቆርኪ ነው፣ የተሰበረ ማጭድ ነው። ሦስት ሰዓት ያህል ቆፍሬ ወገቤ ሊበጠስ ሲል፣ ቦዩና አጥሩ መሐል፣ ትናንት ደጋግሜ ያለፍኩበት ቦታ ላይ፣ የዛገ የዱቄት ወተት ጣሳ ወጣ።

እናቴ ነጠቀችኝ። ክዳኑን በዶማው ጫፍ ፈልቅቃ ውስጡ ያለውን ፌስታል ፈታች፤ ሦስት ፌስታል ነው። ከመጨረሻው ውስጥ የቴሌቪዥናችን ሪሞት ወጣ።

«ሪሞት?» አልኩ። «እማዬ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ የቆፈርኩት ለሪሞት ነው?»

«ቴሌቪዥኑን ተሸክሜ መሮጥ አልችል» አለች፣ ሪሞቱን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች። «እንደሚወስዱት አውቄያለሁ። ልጄ በመጀመሪያ ደሞዙ የገዛልኝን ወስደው፣ ደግሞ ተጋድመው ጣቢያ ሊቀያይሩበት? እምቢ አልኩ።»

ሳቄ ፈንድቶ ወጣ፣ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። እሷ አልሳቀችም። «ድንጋይ አለህ?» አለችኝ። የሪሞቱ ባትሪ ፈሶ ደርቋል። ከማሽኔ ውስጥ ሁለት ባትሪ አውጥቼ ሰጠኋት፤ ልክ ገባ። ተጫነችው፤ ጫፉ ላይ ያለችው ትንሽ መብራት ብልጭ አለች።

እናቴ ወደ አጥሩ በር ሄደች። ሪሞቱን ወደ አስፋልቱ ዘረጋችና ማጥፊያውን ተጫነች። ዞረች፣ ወደ ተራራው ተጫነች። ቴሌቪዥኑን የወሰዱት የት እንዳሉ ስለማታውቅ አራቱንም አቅጣጫ አዳረሰችው፤ እያንዳንዱን ቀስ ብላ፣ ክንዷን እስከ መጨረሻው ዘርግታ። ያን ሳይ ሳቄን ትቼ ከመሬት ተነሳሁ።

ሼሁ ከዘራቸውን አነሱ። «ወደ ቆላውም አንዴ ጨምሪ፣ ለማንኛውም» አሏት።

ጨመረች። ከዚያ ሪሞቱን መቀነቷ ውስጥ ሸጎጠችና ዶሮዋን ከመሬት አንስታ ታቀፈች።

«በቃ፣ አጥፍቼባቸዋለሁ» አለች። «አሁን አዲሱን ግዛልኝ።»