ጋሻ የሌላቸው ሚዜዎች

ሳይገባኝ በቸርነቱ ያቆመኝን የልዑል እግዚአብሔርን ስም አስቀድሜ፣ በአንድ ሠርግ ላይ ስለተናገርሁት ቃል የታሰርሁበትን ቀን እጽፋለሁ።

ማለዳ ከቅኔ ማኅሌት ስወጣ የጸጥታ ሰዎች ያዙኝ። ያስገቡኝ ክፍል ቀድሞ የእህል መጋዘን ነበር፤ የብረት በሩ ሲከፈት የገለባና የሽንት ሽታ ተቀበለኝ። ዓይኔ ጨለማውን እስኪለምድ ቆሜ ሳለሁ ከጥግ ነጭ ሱፍ ልብስ ታየኝ። ከደምበጫ ከተማ ማዶ ባለ ሠርግ ቤት፣ በቀደመው ቀን መርቄ የሸኘሁት ሙሽራ ነበር። ሦስቱ ሚዜዎቹም አብረውት ተቀምጠዋል።

«መሪጌታ፣ ለመልሳችን ጠሩዎት እንዴ?» አለ አንደኛ ሚዜው። ሳቁ። እኔ መሳቅ አቃተኝ።

ወደ ሙሽራዪቱ ቤት ሲሄዱ ኬላ ላይ ከመኪና አውርደዋቸው ኖሯል። ምክንያቱ የእኔ ቃል ነው። ሙሽራው ሳይነሣ፣ በዳሱ ቆሜ ስለ ሚዜ አመጣጥ አስተምሬ ነበር። ዛሬ ሚዜ አበባ ይዞ ፎቶ የሚነሣ ጌጥ ይመስላል፤ አበው እንደ ነገሩን ግን መንገዱ ጠላፊና ሽፍታ ስለነበረበት፣ ሚዜ ጦርና ጋሻ ይዞ ሙሽራዪቱን የሚያጅብ ዘብ ነበር፤ በአባቷ ፊት እንደ እኅቱ ሊጠብቃት የሚምለውም ከዚያ የቀረ ነው አልሁ። ይህን አንዱ በስልክ ቀርጾ ለጸጥታ ሰዎች ላከው።

ከቀትር በፊት ለምርመራ ጠሩኝ። መርማሪው የልጅ ልጄን ያህላል።

«አባቴ፣ ሚዜ ዘብ ነው ብለዋል?»

«የጥንቱን ልማድ ተናግሬአለሁ።»

«ጦርና ጋሻውስ የት ተደበቀ?»

«ከባለቤቶቹ ጋር አፈር በልቶታል።»

የተጻፈ ወረቀት ገፋልኝ። ሦስቱን ወጣቶች ለታጠቀ ቡድን ዘብ አድርጌ አደራጅቻለሁ ይላል። ከፈረምሁ ለምሳ ቤቴ እደርሳለሁ፤ እነሱ ይቀራሉ።

«ልጄ፣ አግብተሃል?» አልሁት።

«አዎ።»

«ሚዜ ነበረህ?»

«አራት።»

«እነሱስ የት ታሰሩ?»

ጠረጴዛውን በጡጫ መታው። የእኔም እጅ ተጨበጠ። ዕድሜ ልኩን ጸናጽል የያዘ እጅ ሰው ለመምታት ሲመኝ ያን ቀን አየሁት። ብዕሩን ሳልነካ ተነሣሁ።

ስመለስ አንደኛ ሚዜውን ወሰዱት። በእኔ ላይ እንዲመሰክር ተመሳሳይ ወረቀት አቀረቡለት። ከንፈሩ ደምቶ ተመለሰ።

«አልፈረምሁም» አለ። «ግን መሪጌታ፣ ከመንገድ ስለያዙን መሐላችን ቀርቶብናል። እዚሁ ያስምሉን።»

«የታሰራችሁበት እኮ ይኸው መሐላ ነው።»

«እንግዲያው በደንብ ይስሙት!»

በሙሽራዪቱ አባት ፋንታ ቆምሁ። ሙሽራው የሱፉን ቁልፎች ቆለፈ። ሦስቱም እየተከተሉኝ ማሉ፦ «እንደ እናቴ ልጅ ልጠብቃት፤ ብከዳት እግዚአብሔር ይፍረድብኝ!» ድምፃቸውን ዝቅ አላደረጉም። ከበሩ ውጭ የጠባቂው እርምጃ ቆመ።

ከወራት በኋላ ያለ ክስ ለቀቁን። ይቅርታ የጠየቀን የለም። ሙሽራዪቱ በአባቷ ቤት ጠብቃ አገባችው፤ ሚዜዎቹም በፊቷ ዳግመኛ ማሉላት። እኔም ዛሬ በየዳሱ ስጠራ ያንኑ አስተምራለሁ፤ ስልክ ከፍ ሲል ካየሁ ድምፄን ከፍ አደርጋለሁ። ንዴቴ አልበረደም፤ እንዲበርድልኝም ገና አልጸለይሁም።

ይህን ያነበባችሁ ሁሉ፣ እግዚአብሔር እናንተንም ቤታችሁንም ይባርክ፤ በልጆቻችሁ የሠርግ ቀን ደጃችሁን የሚያንኳኳ ዘመድ ብቻ ይሁን። አሜን።