ድምፅ የሰጠንበት ከረጢት

ሥራ የጀመርኩት ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር፣ አያ ሙሄ በረንዳ ላይ ነው። አያ ሙሄ ኮት ሰፊ ነበሩ። መርፌ ይሰጡኛል ብዬ ስጠብቅ አንድ አሮጌ ኮትና ምላጭ ሰጡኝና ስፌቱን በሙሉ እንድፈታ አዘዙኝ። ገበሩን ከላዩ፣ እጅጌውን ከትከሻው፣ ኮሌታውን ከአንገቱ ስለይ ዋልኩ። ወደ አሥር ሰዓት ላይ ቁርጥራጩን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉና የትኛው ከየትኛው ጋር ይገጥም እንደነበር ጠየቁኝ። ሁለቱን ሳትኩ። በማግሥቱ ሌላ ኮት ሰጡኝ።

መርፌ የያዝኩት በሦስተኛው ሳምንት ነው። መጀመሪያ የጨርቅ ጠርዝ ዘምዘማት፣ ከዚያ ቁልፍ መትከል፣ ከዚያ ኪስ። ኪሱ ሳይሸበሸብ ሲወጣልኝ የደንበኛ ልክ እንድወስድ ፈቀዱልኝ። መቀስ ግን እስከ አራተኛው ዓመት አላስነኩኝም። ጨርቅ የሚቆርጠው ባለቤቱ ብቻ ነበር።

የራሴ የስፌት መኪና የኖረኝ በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ላይ ነው። በእግር የሚረገጥ ጥቁር ሲንጀር ነበር። እዚያው ሆጤ በረንዳ ተከራየሁና ደንበኛ ያዝኩ። ከገራዶም ከቦሩ ሜዳም ይመጡልኝ ነበር። የደሴ ብርድ ለኮት ሰፊ ጥሩ ነው።

ደርግ ከመጣ በኋላ ክርና ካኪ በማኅበር ካልሆነ አይገኝም ተባለ። የደሴና የኮምቦልቻ ልብስ ሰፊዎች በአንድ የኅብረት ሥራ ማኅበር ታቀፍን። ሊቀ መንበራችን ጋሽ ደምሴ የሚባሉ፣ ፒያሳ ላይ ሱሪ የሚሰፉ ሰው ነበሩ። የኮምቦልቻውን ክፍል የሚመራው ሰይድ ነበር፤ ቀልጣፋ፣ ንግግር የሚችል፣ በዕድሜ ከእኔ ትንሽ የሚያንስ።

አባሎቹ ሁለት ዓይነት ነበርን። አንዳንዶቻችን መኪና አለን። ሌሎቹ ደግሞ ለእኛ ቁልፍ ቤት የሚሠሩ፣ ዘምዘማት የሚይዙ፣ ልብስ በካውያ የሚተኩሱ ናቸው። በመተዳደሪያው ደንብ መሠረት ሁሉም እኩል አንድ አንድ ድምፅ ነበረው። እውነቱን ለመናገር ያን አንቀጽ ልብ ብዬ አላየሁትም ነበር።

የእኔን ቁልፍ ቤት የምትሠራው ዘሀራ ነበረች። ባሏ ከሞተ ጀምሮ በመርፌዋ ነው የምታድረው። የሠራችውን ቁልፍ ቤት ገልብጬ ባየው ፊቱን ከጀርባው መለየት ያቅተኝ ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት አብራኝ ስትሠራ መኪናው ላይ አንድ ቀን ተቀመጪ ብያት አላውቅም። እሷም ልቀመጥ ብላ አልጠየቀችኝም።

አንድ ቅዳሜ ጓድ አበራ የሚባል ካድሬ ከአውራጃው መጣና በቀበሌው አዳራሽ ሰበሰበን። የመጣበት ጉዳይ አጭር ነበር። ማኅበሩ ወደ አምራችነት ይደግ፤ መኪኖቹ ሁሉ የጋራ ይሁኑ፤ በየከተማው አንድ መጋዘን ይሰጠን፤ እዚያ ገብተን አብረን እንሥራ። ይህ የአባላቱ የራሳቸው ሕዝበ ውሳኔ ነው፣ ማንም አያስገድዳችሁም አለ።

ከዚያ የሚደግፍ እጁን ያውጣ አለ። ደብተሩን ገልጦ እያንዳንዳችንን በየተራ ያይ ጀመር። የኮምቦልቻዎቹ እጅ ብድግ አለ። እኔ መኪናዬን መስጠት አልፈለግሁም። ግን የጓድ አበራ ዓይን የእኔ አግዳሚ ላይ ሲደርስ ክንዴ ወደ ላይ ወጣ። አጠገቤ የተቀመጠችው ዘሀራ ለድጋፉም ለተቃውሞውም እጇን አላወጣችም። ነጠላዋን አገጯ ድረስ ስባ መሬት መሬቱን ታያለች። ውሳኔው በሁለት እጅ ብልጫ አለፈ።

በዚያ ሁለት እጅ የተነሳ ለወራት ሰላም አጣን። ጋሽ ደምሴ አንድ የኮምቦልቻ ሰው ሁለቴ ተቆጥሯል አሉ። ኮምቦልቻዎች ደግሞ ደሴዎች ጥቅማቸው ስለተነካ ነው የሚንጫጩት አሉ። ከሁለቱ እጆች አንዱ የእኔ መሆኑን ለማንም አልተናገርኩም። እግሬ ፔዳል ላይ አልረጋ አለኝ፤ በአንድ ሳምንት ሦስት መርፌ ሰበርኩ። ጥቂት ከሰፋሁ በኋላ ተነስቼ ጋሽ ደምሴ ዘንድ ወሬ ልሰማ እሄዳለሁ፤ ተመልሼ ስቀመጥ የሰፋሁት ጠሞ አገኘዋለሁ።

ልጁን የሚድር አንድ የገራዶ ገበሬ ለሙሽራው ኮት አዞኝ ነበር። ሦስት ጊዜ ተመላለሰብኝ። በሦስተኛው በረንዳው ላይ ቁጭ ብሎ፣ እናንተ እጅ ስትቆጥሩ የእኔ ልጅ በሸሚዝ ሊዳር ነው አለኝ። አፈርኩ። በማግሥቱ ጨርሼ ሰጠሁት፤ ሠርጉ ላይ ሲያስተውለው ግን አንዱ እጅጌ አጭር ነበር።

የሚቀጥለው ስብሰባ ላይ ጭቅጭቁ ከመኪናው ወደ ድምፅ አሰጣጡ ዞረ። ጋሽ ደምሴ በወረቀት ይሁን አሉ። መጻፍ የማይችለውስ ተባሉ። ሰይድ በበኩሉ የሚደግፍ በቀኝ፣ የሚቃወም በግራ ይሰለፍና ይቆጠር አለ። መሰለፍና እጅ ማውጣት ምን ልዩነት አለው ተባለ። አንድ ሽማግሌ በባቄላና በሽምብራ እንድንመርጥ ሐሳብ ሰጡ፤ ሌላው ተነስቶ ከጣቴ መሃል የትኛው እንዳለ ማንም ያየዋል አለ። ሰይድ መጨረሻ ላይ ጨርሶ እንደገና ድምፅ መስጠቱን ተቃወመ። የተቆረጠ ጨርቅ መልሳችሁ ልትለኩ ነው ወይ እያለ ይሞግት ነበር።

በዚህ መሃል ማኅበሩ የተቀበለው የደንብ ልብስ ትእዛዝ ቀኑ አለፈ። ግማሹ ደሴ ተቆርጦ ሳይሰፋ፣ ግማሹ ኮምቦልቻ ሳይቆረጥ ተቀመጠ።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ቆርጬ ጓድ አበራ ቢሮ ሄድኩ። ሰውየው ከስቷል። የለበሰው ኮት እኔ የሰፋሁለት ነበር፤ ትከሻው ሰፍቶት አየሁ። ማንም የማንንም ድምፅ የማያይበት ከረጢት መስፋት እንደምችል ነገርኩት። ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አደረገ።

«ባለፈው ደግፈህ አልነበረም እንዴ?» አለኝ።

«እጄን አውጥቻለሁ» አልኩት።

ገባው። የሚቆጣ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየ የደንብ ልብሱ መቼ እንደሚያልቅ ጠየቀኝ። ጭቅጭቁ ካላለቀ አያልቅም አልኩት። ከበላይ በየቀኑ እንደሚጠይቁት ሳይነግረኝ አወቅሁ።

«ከረጢቱን ስፋና መጀመሪያ ለእኔ አሳየኝ» አለ። «ከዚያ በኋላ ማንም አቤት እንዳይለኝ። አቤት ካለ የምጠይቀው አንተን ነው፣ ጓድ ይማም።»

ከቢሮው የወጣሁት ኃላፊነቱን ተሸክሜ ነው። ግን ደስ ብሎኝ ነበር። እንደ እኔ ፈርቶ እጁን ያወጣ ስንት ሰው አለ ብዬ አሰላሁ። ፍርሃቱ ከተነሳ መኪናዬ በእጄ እንደሚቀር አልተጠራጠርኩም።

ከረጢቱን ከጥቁር ወፍራም ካኪ ቆረጥኩት። አፉ ላይ እስከ ክንድ የሚያስገባ የኮት እጅጌ ገጠምኩ፤ የእጅጌው ጫፍ ላስቲክ አለው፣ ክንድን ጭምቅ አድርጎ ይይዛል። ውስጡን ለሁለት ከፍዬ ሁለት ጥልቅ ኪስ አደረግሁለት፤ ቀኙ ድጋፍ፣ ግራው ተቃውሞ። ቁልፍ በቁልፍ ላይ ሲወድቅ እንዳይሰማ ሁለቱንም ኪስ በጥጥ ደለደልኩ። ለእያንዳንዱ አባል አንድ የኮት ቁልፍ ይሰጠዋል፤ ሁሉም አንድ ቀለም፣ አንድ መጠን። እጁን ያስገባና ወደፈለገው ኪስ ይለቀዋል። ታቹ ድፍን ስለሆነ ካልተተረተረ በስተቀር ቁልፉን ማውጣት አይቻልም።

ታቹን በእጅ የሰፋችው ዘሀራ ናት። ስትጨርስ ክሩን በጥርሷ በጠሰችና ከረጢቱን ጭኗ ላይ አድርጋ እጇን አስገባች። ቀኙን ዳሰሰች፣ ግራውን ዳሰሰች።

«ከውጭ የቆመ ሰው አያይም?» አለችኝ።

«አያይም።»

«እርስዎም አያዩም፣ አያ ይማም?»

«እኔም አላይም።»

«ወላሂ በሉ።»

ወላሂ አልኳት። ካድሬውን በጣም ፈርታለች ብዬ አዘንኩላት።

ጓድ አበራ ከረጢቱን ገለባብጦ አየ፤ እጁንም አስገብቶ ሞከረ። በሚቀጥለው እሑድ ኮምቦልቻዎች በአውቶቡስ የሐረጎን ዳገት ወጥተው መጡ። አብዛኞቹ በስስ ሸሚዝ ስለነበሩ አዳራሹ ውስጥ እየተንቀጠቀጡ ተቀመጡ። ከረጢቱን ጠረጴዛ ላይ አስረን አቆምነው። ጋሽ ደምሴና ሰይድ ግራና ቀኝ ቆመው ስም ይጠራሉ፣ ቁልፍ ይሰጣሉ። ጓድ አበራ ደብተሩን ዘግቶ ከበሩ አጠገብ ተቀመጠ።

አንዳንዱ እጁን እንዳስገባ ያወጣል። አንዳንዱ ይቆያል። የሚተኩሱልን አንድ ሰውዬ ክንዳቸውን ከተው ለረጅም ጊዜ ቆሙ፤ ከዚያ «አልሃምዱሊላህ» ብለው ወጡ። የእኔ ተራ ሲደርስ ቁልፌን ወደ ግራው ለቀቅሁት። ከወራት በኋላ በዚያ ቀን ነው ትንፋሼ በደንብ የወረደው።

ሁሉም ካለፈ በኋላ ጋሽ ደምሴ ታቹን በምላጭ ተረተሩት። መጀመሪያ የግራውን ኪስ አራገፉ። ቁልፎቹ አንድ እፍኝ ይሆናሉ። ቀጥሎ የቀኙን አራገፉ። ቁልፉ ጠረጴዛውን አልፎ መሬት ላይ ተበተነ። መቁጠር እንኳ አያስፈልገውም ነበር፤ ቆጠርነው ግን። በእጅ ሲሆን በሁለት ያለፈው፣ በስውር ሲሆን ከእጥፍ በላይ ሆነ።

 የግራው ኪስ ጠቦ ነው የሚል የአንድ ባለመኪና ድምፅ ከኋላ መጣ። ሌላው እጅ ሲገባ ወደ ቀኝ ነው የሚስበው አለ። ጋሽ ደምሴ ወደ እኔ ዞረው የሚሉት እውነት ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ። እውነት ነው ብል መኪናዬ ይቀርልኛል፤ ድምፁ ይሰረዛል። ተነስቼ የተተረተረውን ከረጢት ገለበጥኩና ሁለቱን ኪሶች ደርቤ አሳየኋቸው። በሜትርም ለካሁላቸው። ሁለቱም እኩል ናቸው፣ ስፌቱ የእኔ ነው፣ ጥፋት የለበትም አልኩ። ጋሽ ደምሴ ከዚያ ቀን በኋላ ለሁለት ዓመት ሰላም አላሉኝም።

ከአዳራሹ ስወጣ ዘሀራ ከኋላዬ ደረሰች። ሆጤ ድረስ መንገዳችን አንድ ነው።  ግማሽ መንገድ ላይ፣ ቁልፌን ወደ ቀኙ ኪስ ነው የጣልኩት አለችኝ። ታዲያ ያን ጊዜ ካድሬው ሲጠይቅ ለምን እጅሽን አላወጣሽም አልኳት፤ እሱ የፈለገው ይህንኑ አልነበረም ወይ።

«ካድሬውን መች ፈራሁት፣ አያ ይማም» አለች። «እሱ ሥራ አይሰጠኝም። የፈራሁት እርስዎን ነው። አጠገቤ ተቀምጠው ነበር።»

 ይህን ሁሉ ጊዜ ፍርሃት የሚመጣው ከጓድ አበራ ደብተር ብቻ ይመስለኝ ነበር። በየባለመኪናው አግዳሚ ላይ አንድ አንድ ዘሀራ ተቀምጣ እንደነበር አልቆጠርኩም።  ቤቷ በር ላይ ስንደርስ ነገ ልምጣ ወይስ ልቅር ብላ ጠየቀችኝ። ነይ አልኳት። ድምፄ ሻካራ ነበር፤ ተናድጄም ነበር፤ አልዋሽም።

ሲንጀሬን በሳምንቱ አራት ሰዎች ተሸክመው መጋዘን አስገቡት። በነጭ ቀለም ቁጥር ጻፉበት። መጀመሪያ ሰሞን ሌላ ሰው ሲቀመጥበት ማየት አቅቶኝ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ነበር የምቆርጠው። ዘሀራ መርገጥ የለመደችው በእሱ ላይ ነው። ክር ሲበጠስባት ቀና ብላ ታየኛለች፤ ሄጄ አሳያታለሁ። በዓመቱ ሙሉ ሱሪ ብቻዋን ትሰፋ ነበር።

ማኅበሩ ጥሩ ሠራ ልል አልችልም። መለዋወጫ ጠፋ፣ ክሩ ቀጠነ፣ የሁሉም የሆነውን መኪና ዘይት የሚቀባው አንድም ሰው ታጣ። ከመኪኖቹ ሲሶ ያህሉ ቆሙ። ጋሽ ደምሴ ይህን ነበር ያልኩት ይሉ ነበር፤ በዚህ ልክ ነበሩ። ደርግ ሲወድቅ ማኅበሩም ተበተነና መኪኖቹ ለሠሩባቸው ሰዎች ተከፋፈሉ። ሲንጀሩ ለዘሀራ ደረሳት። ተቃውሞ ያለው ተብሎ ሲጠየቅ አልተቃወምኩም። ለእኔ ከኮምቦልቻ የመጣ፣ ፔዳሉ የተበየደ መኪና ደረሰኝ። እስከ ጡረታዬ የሠራሁት በእሱ ነው።

በኋላ እኔም እንደገና ሰው ቀጥሬ አሠርቻለሁ። ሠራተኞቼን ስለ ሥራ ሰዓት ወይም ስለ ክፍያ መጠየቅ ሲኖርብኝ ራሴ አልጠይቃቸውም። ከመሃላቸው አንዱን ይመርጣሉ፣ እኔ ከቤት እወጣለሁ፣ ተነጋግረው የደረሱበትን እሱ ይነግረኛል። ከእጄ የሚበላ ሰው ፊት ለፊቴ የሚሰጠኝን መልስ እንደ መልስ አልቆጥረውም። ከሥራዬ ዘመን የተማርኩት ይህን ነው።