ለልጄ ቀሚስ ያልሰፋሁበት ዓመት

መካነ ሰላም ውስጥ ልብስ መስፋት ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ከገና እስከ ጥምቀት ባሉት ቀናት እግሬ ከስፌት መኪናው መርገጫ አይነሳም። እናቶች ጨርቅ ይዘው ይመጣሉ፣ ልጆቻቸውን አቁሜ እለካለሁ። በዓሉ ካለፈ ሳምንት ሳይሞላው ከሰፋሁት ቀሚስ ግማሹ ጫፉ ተተርትሮ፣ ቁልፉ ተበጥሶ ተመልሶ ይመጣልኛል። በዓመቱ ደግሞ ሁሉም ያጥራል።

አንዲት ልጅ አለችኝ። ይህ በሆነበት ዓመት አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር። ከሁሉ የሚያምረውን ለእሷ ስለምሰፋ፣ ጨርቅ ሲመጣ ቀድማ ዳብሳ የምትመርጠው እሷ ናት። የዚያን ዓመት ለጥምቀት ምን ልስፋልሽ ስላት የአምናውን እንዳልደግመው ብዬ፣ "አምና ምን ነበር የሰፋሁልሽ?" አልኳት።

አሰበች፣ አሰበችና "ሰማያዊ መሰለኝ" አለች።

አረንጓዴ ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ አጎንብሼ ጥለቱን የለፋሁበት። አልተቆጣኋትም፤ ግን ነገሩ ቆረቆረኝ። ምክንያቱም ይቺው ልጅ አያቷ ገና በስድስት ዓመቷ የነገሯትን ሁሉ ቃል በቃል ትናገራለች። አባቴ ቄስ ናቸው። በተማሪነታቸው ዜማ ፍለጋ ወደ ሳይንት ሲሻገሩ የደንቆሮን ጫካ በእግራቸው አቋርጠው፣ ቀይ ቀበሮ ሲያድን ቆመው ማየታቸውን አጫውተዋታል። እሷም ሌላ ልጅ ባገኘች ቁጥር ትተርከዋለች።

ማታ ለአባቴ ነገርኳቸው። "ቀበሮውን እንድታይ ደንቆሮ እንውሰዳታ" አሉ፣ ነገ ገበያ እንውጣ የሚሉ ያህል።

ለእሷ ስነግራት ግን ፊቷ ጠቆረ። "ቀሚሱስ?"

"ዘንድሮ በአዲስ ቀሚስ ፈንታ ጉዞው ነው፤ የአምናውን ጫፉን ፈትቼ አስረዝምልሻለሁ።"

እስከምንሄድበት ቀን ድረስ በደንብ አላናገረችኝም።

በማለዳ ተሳፍረን መንገድ ዳር ወረድን፤ ከዚያ በእግር ሆነ። አባቴ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ምርኩዛቸውን ይዘው ከፊት ከፊት ይሄዳሉ። ጫካው ውስጥ ገብተን ከዛፉ ቅርንጫፍ እንደ ሽማግሌ ጺም የተንጠለጠለውን የዛፍ ሽበት ስታይ ኩርፊያዋን ረሳችው። ወደ ላይ ስንወጣ ዛፉ አለቀና ጓሳ የሚባለው ረጅም ሣር መጣ፤ በመሃሉ የጅባራ ተክል እንደ ምሰሶ ተገትሯል። ሣሩ ላይ አመዳዩ ገና አልቀለጠም። ከአንድ ትልቅ ድንጋይ ጀርባ ተቀመጥን።

"ከዚህ በኋላ ወሬ የለም" አሏት አባቴ።

ልጄ ዝም ማለት አታውቅም። እንጀራ እየበላች ታወራለች፣ ተኝታም ታወራለች። ያን ዕለት ግን ጣቶቿን በትንፋሿ እያሞቀች ረጅም ጊዜ አንዲት ቃል ሳትተነፍስ ቆየች። ከዚያ እጄን ጨመቀችው። ቀበሮው ከፊታችን ቆሟል፤ ቀይ፣ ቀጭን፣ ጆሮው ቀጥ ያለ። መሬቱን አዳምጦ አዳምጦ ድንገት ወደ ላይ ዘለለና አፍንጫውን ሣሩ ውስጥ ቀበረ። አይጥ ይዞ ቀና ሲል እኛን አየን። ሳይጣደፍ ሄደ። ዞር ብዬ ሳያት የልጄ ዓይን እንባ ሞልቷል።

ስንመለስ ነው ክፉው ነገር የመጣው። ቁልቁለቱ ላይ እርጥብ ድንጋይ አዳለጣቸውና አባቴ ወደቁ። ቁርጭምጭሚታቸው ወዲያው አበጠ። ላብ አጠመቃቸው፣ ፊታቸው ነጣ። ደግፌ ካልያዝኳቸው መቀመጥ እንኳ አልቻሉም። ስልኬን አወጣሁ፤ ኔትወርክ የለም። ከታች ራቅ ብሎ የድንጋይ ካብ ያላቸው ሦስት ቤቶች ይታያሉ።

"እኔ ልሂድ፣ ቤቶቹ ይታዩኛል" አለች ልጄ።

"አትሄጂም!"

አባቴ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ "ላኪያት" አሉኝ፤ ለእሷም፣ "መንገዱን ሳትለቂ ሂጂ፣ የኔ ልጅ። አትሩጪ።"

ላክኋት። ስትወርድ ዓይኔን ሳልነቅል ተከተልኳት። እያነሰች፣ እያነሰች ሄዳ ከጉብታው ጀርባ ጠፋች። ቀጥሎ የውሾች ጩኸት ሰማሁ። አባቴን እንደያዝኩ ራሴን እረግም ነበር። ቀሚሷን እየሰፋሁ ቤቴ ብቀመጥ ምን ነበረበት?

ውሾቹ ዝም አሉ። ከብዙ ቆይታ በኋላ ሁለት ሰዎች በቅሎ እየሳቡ ከጉብታው ብቅ አሉ። ልጄ ከፊት ሆና መንገዱን ታሳያለች።

"አብሽሩ አባ፣ አብሽሩ!" አለ ትልቁ ሰውዬ ገና ከሩቅ። አባቴን በቅሎ ላይ እያወጣ ወደ እኔ ዞረና፣ "ያንቺ ናት?" አለኝ። "ውሾቹ ከበቧት። ብትሮጥ ይነክሷት ነበር። ድንጋይ ላይ ወጥታ ቆማ 'አያቴ ወድቀዋል፣ ድረሱልኝ' እያለች ትጣራለች። አላለቀሰችም እኮ!"

ቤታቸው አስገብተው ትኩስ አጥሚት ሰጡን፤ በዚያችው በቅሎ እስከ መኪናው መንገድ ሸኙን። ወጌሻ አባቴን አሽቶ አሰራቸው፤ ስብራት አልነበረም።

ጥምቀት ደረሰ። አባቴ በምርኩዝ እያነከሱ ወጡ፣ ልጄም ጫፉ የተፈታውን አረንጓዴ ቀሚሷን ለብሳ ወጣች። አንዲት ደንበኛዬ ከላይ እስከ ታች አየቻትና፣ "የልብስ ሰፊ ልጅ ሆና አሮጌ ቀሚስ!" አለች። አልዋሽም፣ ጠዘጠዘኝ። ዞር ስል ግን ልጄን ልጆች ከበዋታል። በአዲስ ቀሚሳቸው መሃል ቁጢጥ ብላ፣ ጆሮዋን በእጆቿ አቁማ ቀበሮው እንዴት እንደዘለለ ታሳያቸዋለች። "ድገሚው! ድገሚው!" ይሏታል። ወዲያ ደግሞ አባቴ ለካህናት ወዳጆቻቸው፣ "ከተራራ ያወረደችኝ ያቺውላችሁ" እያሉ በምርኩዛቸው ያመለክታሉ። አንገቴን ቀና አድርጌ ቆምኩ። የሰፋሁት ልብስ ሁሉ ያን ያህል አላኮራኝም።

ከቀናት በኋላ አጠገቤ ተቀምጣ ቁልፍ ስትተክልልኝ፣ ቀና ሳትል "ውሾቹ ሲመጡ እግሬ ይንቀጠቀጥ ነበር" አለችኝ። "ለአያቴ እንዳትነግሪያቸው።"

"እኔም ከላይ ሆኜ እንደዚያው ነበርኩ" አልኳት።

"ውይ እማዬ! አንቺ ደግሞ ምን ሆነሽ?" ብላ ሳቀችብኝ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ዓመት አባይን ለማየት ወርደናል፤ ሌላ ጊዜ ወግዲ ዘመዶቻችን ዘንድ ሄዳ አጨዳ ውላ፣ መዳፏ ውሃ ቋጥሮ እየኮራችበት ተመልሳለች። ዘንድሮ አሥራ አራት ሞላት። እናቶች ጨርቅ ሲያመጡልኝ "ለመሆኑ ዘንድሮ ወዴት ናችሁ?" ብለው ይጠይቁኛል። እኔ ሜትሬን ሳነሳ መልሱን የምትሰጠው እሷ ናት፤ አብረውን መሄድ የሚፈልጉትን ልጆች ስምም ትመዘግባለች።