የአጎቴ ሰም እና የሻምበሉ ቁም ሣጥን

አናጢው አጎቴ የሠሩትን የእንጨት ዕቃ ውሃ ሳያፈሱበት ለባለቤቱ አስረክበው አያውቁም። የአንኮበርን ጉም እንዲችል ብለው ሰምና የተልባ ዘይት አቅልጠው ውስጥና ውጭውን ያሹታል፤ ከዚያ እፍኝ ውሃ ያፈሱበታል። ውሃው ሳይሰርግ ተንከባሎ ከወረደ፣ «አሁን ውሰዱት» ይላሉ። ቀለም ይቀባልኝ የሚል ሰው ከመጣ ግን ይቆጣሉ፦ «ቀለም ለዓይን ነው፤ ጉም ዓይን የለውም!»

በወረራው ዘመን የጣሊያን ምሽግ አዛዥ የነበረው ሻምበል ለክፉ ቀን የሚሆነውን ጥይት የሚቆልፍበት ቁም ሣጥን አዘዛቸው። ውጭውን ሰም ቀብተው ውስጡ ሲቀራቸው፣ «ለአርበኞች ስንቅ ያቀብላል» ብሎ ከደጃቸው ላይ አስረሸናቸው። ሙያውን ከአጎቴ ተምሬ ነበርና፣ ከለቅሶው ሳንነሳ አስተርጓሚውን ላከብኝ።

«አጎትህ የጀመረውን ጨርስ ብለውሃል» አለኝ።

ጨረስኩለት። በበጋው ድርቀት መዝጊያዎቹን ልክክ አድርጌ ገጠምኩ፤ ውስጡን ግን ጠብታ ሰም አላስነካሁትም። ሻምበሉ ሊረከብ ሲመጣ እንደ አጎቴ ከውጭ በኩል ውሃ አፈሰስኩበት፤ ተንከባሎ ወረደ። ሳቀና ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። እኔም ሳቅሁ።

ክረምት ገባ፤ ጉሙ ከምሽጉ ሳይነሳ ሰነበተ። አርበኞች ምሽጉን የከበቡ ዕለት፣ ቁም ሣጥኑ ከውስጥ እርጥበት ጠጥቶ አብጦ ኖሮ ጣሊያኖቹን አልከፈት አላቸው። በተኩሱ መሀል በመጥረቢያ ሲፈልጡት እቤታችን ድረስ ይሰማ ነበር።

አጎቴ ከሞቱ ወዲህ በርጩማቸው ላይ ማንም ተቀምጦ አያውቅም ነበር። ያን ዕለት ተቀመጥኩበትና አርበኞች ምሽጉን ይዘው መጥረቢያው ዝም እስኪል አዳመጥኩ።