የተሞረደው ጠገራ ብር

ከዊንጌት

ቅዳሜ ጠዋት ጎሚስታ ቤቴን ዘግቼ ወጣሁ። ቅዳሜ ጎሚስታ የሚዘጋ ሰው እብድ ነው፤ የዊንጌት መኪና ሁሉ ጎማው የሚተነፍሰው ቅዳሜ ነው። ግን እናቴ አንገቷ ላይ የኖረውን ጠገራ ብር በመሀረብ ቋጥራ ሰጥታኛለች፤ መልስ ሳላመጣ ብመለስ በምን ፊቴ ቤት እገባለሁ?

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄ ሜሮን ከፋሲካ በኋላ ትዳራለች። እናቴ ደግሞ በሰርጓ ቀን አባቷ ከሱሉልታ አምጥቶ ያሰረላትን ጠገራ ለልጅ ልጇ ልታስርላት ተመኘች። ባለፈው እሁድ ዘመድ ስለ ሰርጉ ሊመክር ቤታችን ተሰብስቦ ሳለ ይህንኑ ስትናገር፣ የአባቴ ታላቅ እህት እትዬ የሺ ከወንበሯ ሳትነሳ፣ «ያንን ነሐስ ለልጅቷ እንዳታስሪባት፤ አማቶቿ ምን ይሉናል?» አለች። ሰው ሁሉ አቀርቅሮ ሻዩን ማማሰል ጀመረ።

የሺ ይህን ስትል የመጀመሪያዋ አይደለም። እናቴ ሙሽራ ሆና ጉለሌ በገባች በሳምንቱ፣ የሺ «እስቲ ልየው» ብላ ብሩን ወሰደችው። ሲመለስ ጠርዙ በሞረድ ተበልቷል፤ የተበላው ቦታ ደግሞ በሬንጅ ተደፍኗል። «ውስጡ ነሐስ ነው፣ ላዩን ነው ብር የተቀባው» አለቻት። «እንዳያሳፍርሽ ብዬ ደፍኜልሻለሁ። እንዳትነካኪው።» እናቴ የሰው ቤት ገና ያልለመደች ልጅ ነበረች። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብላ ብሩን ቀሚሷ ውስጥ ደበቀችው። ሬንጁን ሃምሳ ዓመት ሙሉ አልነካችውም፤ እኛንም አላስነካችንም።

«ዋጋውን አልፈልግም» አለችኝ መሀረቡን ስታቀብለኝ። «ብር ይሁን ነሐስ፣ እሱን ብቻ አጣራልኝ። ነሐስም ከሆነ እንዳትዋሸኝ።»

«ነሐስ ቢሆንስ?»

«ለልጅቷ አላስርላትም። አባቴም ሰው ፊት አታሎኛል ማለት ነዋ! ይሄን ሳላውቅ መሞት አልፈልግም።»

አባቷ እንጦጦን በእግሩ አቋርጦ፣ ብሩን በጋቢው ጫፍ ቋጥሮ እንደመጣ ስንት ጊዜ ነግራኛለች። ታክሲ ውስጥ ስገባ ይህን እያሰብኩ የሺን በልቤ እሰድባት ነበር።

ፒያሳ

ከዊንጌት ፒያሳ ሃያ ብር ከፈልኩ። ረዳቱ ከኋላ ወንበር አራተኛ አድርጎ ሲጠቀጥቀኝ በሌላ ቀን ቢሆን እጣላው ነበር፤ ዛሬ ቁጣዬን ለሌላ ሰው አስቀምጬዋለሁ። ፒያሳ ወርጄ የማውቃቸውን ወርቅ ቤቶች ብፈልግ የሉም። አካባቢው ፈርሶ እንደገና ተሠርቷል፤ መንገዱ ሰፍቷል፣ አበባ ተተክሏል፣ ወርቅ ቤት ግን ጠይቄ ጠይቄ ነው ያገኘሁት።

ባለሱቁ ሽቶው ከሩቅ የሚሸት ወጣት ነው። ብሩን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ አየው።

«ጋሼ፣ ይሄ ተበስቷል፣ ተሞርዷል፣ ተደፍኗል። ደግሞ ተፈግፍጓል። ጥንታዊ ሳንቲም የሚሰበስብ ሰው ዞር ብሎ አያየውም።»

«ብር ነው ወይስ አይደለም? የጠየቅኩህ እሱን ነው።»

«በዚህኛው ጎኑ ትንሽ ሞረድ አድርጌ አሲድ ካልጣልኩበት አላውቅም። ብር ከሆነ በግራም እገዛዎታለሁ።» ይህን እያለ ሞረዱን ከመሳቢያው አወጣ።

ብሩን ከእጁ መነተፍኩት። «አንዴ ተሞርዷል፣ ይበቃዋል!»

«እንዴ! ታዲያ በምን አውቄ ልንገርዎት?»

«ሳታውቅማ ዋጋ የለውም ብለህ ጨርሰሃል!» ብዬው ወጣሁ። ልጁ እንኳ ምንም አላጠፋም፤ ሞረዱን ሳይ ነው ደሜ የፈላው።

ሽሮሜዳ

ሽሮሜዳ ስደርስ ርቦኛል። ዳቦ በድንች፣ እርጥብ የሚሉትን፣ ገዝቼ ቆሜ በላሁ፤ ድንቹ ትኩስ ነው፣ ሚጥሚጣው ዓይን ያስለቅሳል። የሐበሻ ልብስ ሱቆቹን አልፌ፣ መስቀልና የአንገት ጌጥ የደረደረች አንዲት ወፈር ያለች ነጋዴ ጋ ገባሁ። ይቺ እንኳ ሥራዋን ታውቃለች። መጀመሪያ ብሩን በጣቷ ጫፍ አስቀምጣ በጥፍሯ መታችው። ድምፁ ዱብ ብሎ ቀረ።

«በድምፁ አልምልልህም» አለች። «ጤነኛ ጠገራ ይጮሃል። የተበሳ ግን ድምፁ ይታፈናል፤ ብርም ሆኖ ሊታፈን ይችላል።»

ቀጥላ ብሩ ላይ የተቀረጸችውን ንግሥት ምስል ወደ ብርሃን አዞረች። ድሮ ገበያ ላይ ሰው የንግሥቲቱን የጌጥ እንክብሎች ሳይቆጥር ጠገራ አይቀበልም ነበር ብላ አስረዳችኝ። የእኛው ግን እንክብሉ ከቆዳ ጋር ሲታሽ ኖሮ ደብዝዟል። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ስማኝ፣ አንጥረኛ አለኝ። ቀዳዳውንም የተሞረደውንም ይደፍንልሃል፣ አጥቦ ያወለውለዋል። ቱሪስት እንደ ንጹሕ ይወስደዋል።»

«አልፈልግም።»

እጄን አየችና ሳቀች። ጥቁረቱ በየትኛውም ሳሙና የማይለቅ የጎሚስታ እጅ ነው። «አንተ ራስህ ጎሚስታ አይደለህ እንዴ? ቀዳዳ መድፈን ምን ያስደነግጥሃል?»

«እኔ የምደፍነው ጎማው አየር እንዲይዝ ነው። አንቺ የምትደፍኚው ሰው እንዲሸወድ ነው!»

ትቀየማለች ስል ይባስ ከት ብላ ሳቀች። «አቤት አፍህ! እንግዲያው አቶ ገረመው ጋ ሂድ። ሳንቲም ሲሰበስቡ ያረጁ ሰው ናቸው፤ እንደ አንተው ደረቅ ናቸው፣ ትግባባላችሁ» ብላ ቤታቸውን ጠቆመችኝ።

የእንጦጦ ዳገት

ቤታቸው ወደ እንጦጦ ማርያም በሚወስደው መንገድ፣ ባሕር ዛፉ ሊጀምር ሲል ነው። ታክሲ መጠበቁ ስለሰለቸኝ በእግሬ ወጣሁት። ሯጮች ቁልቁል ሽው እያሉ አለፉኝ፤ እኔ በየኤሌክትሪክ ምሰሶው ቆሜ እተነፍሳለሁ። በመሀሉ ፍርሃት ያዘኝ። ነሐስ ቢሆንስ? እናቴን ምን እላታለሁ? ብር ነው ብዬ ብዋሻትስ ማን ያውቃል? እያልኩ ሳወጣ ሳወርድ በራቸው ላይ ደረስኩ።

አቶ ገረመው ቀጭን ሽማግሌ ናቸው። ታሪኩን ከነየሺ አጫወትኳቸው። እጃቸውን ታጥበው፣ ማጉያ መነጽር ይዘው መስኮት ስር ተቀመጡ። ብሩን እያገላበጡ ሲያዩ እኔ መጠበቅ አቃተኝ።

«ዋጋ የለውም አሉኝ እኮ፣ አባቴ።»

«የተጎዳ ሳንቲም ዋጋው ይወርዳል፤ እሱን አልዋሹህም» አሉ። «ጉዳት ግን ሁሉም አንድ አይደለም። ይህን ቀዳዳ እየው። አፉ በክር ተልጎ ለስልሷል፤ ትናንት በመሰርሰሪያ የተበሳ ቢሆን ስለት ይኖረው ነበር። ሰብሳቢ እንዲህ ላለው ቀዳዳ ዋጋ ቢቀንስም ይታገሣል። የማይታገሠው ይሄንን ነው።» በብሩ ላይ የተሰመሩ ጭረቶችን አሳዩኝ። «በምንድን ነው የምታጥበው እናትህ?»

«ለበዓል ለበዓል በአመድና በሎሚ።»

«አይ እናቶች!» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሊያሳምሩት ብለው ቆዳውን ገፈፉት። ቢተዉት ይሻል ነበር።»

ከዚያ ጥፍራቸውን ሬንጁ ላይ አሳረፉ። «ይህንን ልክፈተው?»

እናቴ እንዳይነካ ብላለች። ግን እውነቱን አምጣልኝ ያለችም እሷው ናት። «ይክፈቱት» አልኩ። ጥጥ በቤንዚን ነክረው ሬንጁ ላይ አቆዩት፣ በመርፌ ቀስ እያሉ ጫሩት። ጥቁሩ ፍርፋሪ ጋዜጣው ላይ ወደቀ። ማጉያውን ሰጡኝ።

«ምን ታያለህ?»

«ነጭ።»

«እስከ ታች?»

«እስከ ታች ነጭ ነው።»

«ብር የተቀባ ነሐስ ቢሆን ቢጫው ይወጣ ነበር። በጥልቀት ነው የተሞረደው፤ ሌሎቹም ምልክቶቹ ትክክል ናቸው። የእናትህ ብር ብር ነው።» መነጽራቸውን አወለቁ። «ደረጃ ስጥ ካልከኝ የተጎዳ ነው የምለው። ያልተበሳ፣ ያልተፈገፈገ ጠገራ ከሚያወጣው ግማሹንም አያወጣም። ግን ልጄ፣ ይህን የሞረደ ሰው አሁን አንተ ያየኸውን ያኔ አይቶታል። አይቶት ነው የደፈነው።»

የመጣሁበትን ጥያቄ ስመልስ ሌላ ጥያቄ ታቀፍኩ ማለት ነው፤ የሺ እያወቀች ለምን ዋሸች? ሰውዬው ላደረጉልኝ ነገር ሳንቲም አልቀበል ብለው ሻይ አጠጥተው ሸኙኝ። ከእንጦጦ ሥር እስከ ዊንጌት ሁለት ታክሲ ስቀያይር፣ ለእትዬ የሺ የምናገረውን ጮክ ብዬ ስለማመድ አጠገቤ የተቀመጠች ልጅ ወንበር ቀየረች።

መልስ ወደ ቤት

እናቴ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። «ብር ነው» አልኳት ገና ከሩቅ። ዓይኗን ጨፈነች። «አባቴን!» አለች ደረቷን ይዛ። የተሞረደውን ቦታ አሳየኋት፤ አቶ ገረመው ስለ ሞራጁ ያሉትንም ነገርኳት። ነጠላዋን ለበሰችና «ተከተለኝ» አለችኝ።

የሺ የምትኖረው ከእኛ ሦስተኛው በር ነው። እናቴ ገብታ ሳትቀመጥ ብሩን እጇ ላይ አስቀመጠችላት። የሺ ወደ ዓይኗ አስጠጋችው።

«ማን ከፈተው?» አለች።

«ልጄ። ብር ነው።»

«አውቃለሁ።»

«መቼ አወቅሽ?»

«ያኔውኑ። ሞረዱ እንዳረፈበት።»

«ሃምሳ ዓመት ሙሉ!» ብዬ ጮህኩ። መንገድ ላይ ያጠናሁት ሁሉ ጠፍቶኝ የወጣልኝ ይህ ብቻ ነው።

«አንተ ዝም በል፣ ይሄ የኔ ነው» አለችኝ እናቴ። «ለምን የሺ?»

የሺ ብሩን በአውራ ጣቷ እያሻሸች ቆየች። «እኔን አባቴ ባዶ አንገቴን ነው የዳረኝ። አንቺ የገጠር ልጅ ጠገራ አንጠልጥለሽ መጣሽ። ነሐስ በሆነ ብዬ ሞረድኩት። ነጭ ሆኖ ወጣ።» ከዚያ እንደ መለማመጥ ብላ፣ «ሰርጉ ሳይደርስ አንጥረኛ ይድፈነው፣ እኔ እከፍላለሁ። ሰው ካየው ይጠይቃል» አለች።

እናቴ አላለቀሰችም፣ አላቀፈቻትምም። «ይጠይቃ!» አለች። «አይደፈንም። በሰርጉ ቀን ዘመድ ሁሉ ባለበት፣ ለልጅቷ የምታስሪላት አንቺ ነሽ። ማን ሞረደው ሲሉም አንቺው ትመልሻለሽ።»

የሺ አንገቷን ደፍታ «እሺ» አለች።

ከዚህ ጉዞ የተማርኩትን ልንገራችሁ። ሥራዬ ላይ ሌላ ሰው የለጠፈውን ልጣፊ ሳልነቅል ጎማ አልጠግንም፤ ቤቴ ውስጥ ግን ሌላ ሰው የደፈነውን አምኜ አርጅቻለሁ። እንግዲህ ማንም መጥቶ ይሄ ዋጋ የለውም ቢለኝ፣ መጀመሪያ ከፍተህ አሳየኝ ነው የምለው።

እናቴ ሰርጉ እስኪደርስ ብሩን ከቀሚሷ በላይ ታደርገዋለች። ትናንት እድር ላይ አንዲት ጎረቤታችን ጠርዙን አይታ፣ «ውይ! ምን ነክቶት ነው?» አለቻት።

እናቴ እድሩ ሁሉ እስኪሰማ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ «ያቺውልሽ የሺ፤ እሷን ጠይቂያት!» አለች።