ካሜራው ውስጥ የቀረው መልክ

አጎቴ ቡሬ ውስጥ አስተማሪ ነበሩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ካሜራቸውን አንግተው ፈጠም ወንዝ ዳር ወፍ ሲጠብቁ ይውላሉ። ማንም ሳያስተምራቸው፣ ስንቱን ፊልም አበላሽተው ነው ፎቶ ማንሳት የለመዱት። አብሬያቸው ስሄድ፣ ወፏ እንዳትደነግጥ፣ "ትንፋሽሽን ያዢ" ይሉኛል።

የራሳቸው ፎቶ ግን አልነበራቸውም። አንድ ቀን "እርስዎንስ ማን ያንሳዎት?" ብላቸው ስቀው ካሜራውን ሰጡኝ። ትንፋሼን ይዤ አነሳኋቸው።

"ፊልሙ ሲያልቅ አዲስ አበባ ልከን እናሳጥበዋለን" አሉ። ፊልሙ ሳያልቅ ሞቱ።

በእኛ አገር ለቅሶ ላይ የሟች ፎቶ ተይዞ ይለቀሳል። ባለቤታቸው "ኧረ መልኩን አምጡልኝ!" እያሉ ሲጮኹ፣ ያነሳኋቸው ፎቶ ትዝ አለኝ። ሮጬ ካሜራውን አመጣሁና በዚያ ሁሉ ለቀስተኛ ፊት፣ በጠራራ ፀሐይ ከፈትኩት። ፊልሙን እስከ ጫፉ መዝዤ ፊታቸውን ፈለግሁ። ምንም የለበትም። ያልታጠበ ፊልም ብርሃን ከነካው ምስሉ እንደሚጠፋ ያወቅሁት፣ ከፍኖተ ሰላም ለለቅሶ የመጣው ፎቶ አንሺ "ምነው! ምነው!" እያለ ራሱን ሲይዝ ነው።

ዛሬ አርባቸው ነው። የቤታቸው ግድግዳ ሁሉ እሳቸው ያነሱት ወፍ ነው። ዓይኔን ጨፍኜ መልካቸውን ስፈልግ፣ እንዳይሸሸኝ ትንፋሼን እይዛለሁ።